የአጉማስ መዳፍ

እሬት ስቆርጥ ገና ጎሕ አልቀደደም፣
ዘቅዝቄ አቆየዋለሁ፣ እስኪንጠፍ ቢጫ ደም።
ያ ቢጫው ይፈጃል፤ ቆዳ አይወደውም።
የሚፈለገውስ ከልጡ ሥር ያለው፣
እንደ ዓሣ ዓይን ጥርት፣ ዝልግልግ የሚለው።

የግራዋ ቅጠል ወቅጬ፣
የመቅመቆውን ሥር ልጬ፣
ሌሊቱን በኑግ ዘይት አሳድሬ፣
በአሮጌ ሻሽ ጨምቄ፣ አንጥሬ፣
የዘጌ ንብ ሰም በላዩ አቅልጬ
ባዶ የቫዝሊን ብልቃጥ እሞላለሁ።
ስም አላወጣለትም፤ ቀኑን ብቻ እጽፋለሁ።

ሽምብጥ፣ መንገድ ዳር፣ ከተቀደደ ጃንጥላ ሥር
ቆዳ ነው እኔ ዘንድ የሚመጣ፤ ቆዳ ነው የሚናገር።
ጭርት የዞረው የልጅ ራስ፣
ማድያት አልለቅ ያላት አራስ፣
የሚኒባስ ሹፌር ክንድ፣
ፀሐይ በግራ በኩል ብቻ የጠበሰው።
«መጀመሪያ ክርንሽ ውስጥ ጥቂት ቀብተሽ እደሪ፤
ካሳከከሽ ተዪው። ከባሰሽ ሐኪም ጋ ሩጪ» እላለሁ፤
እኔ ቅጠል ጨማቂ ነኝ፣ ልኬን አውቃለሁ።
ሙሽራ መጥታ፣ በጆሮዬ፣
«የሚያቀላ የለሽም ወይ እትዬ?» ስትለኝ
«እኔ የማቀላው ሽንኩርት ብቻ ነው» እላታለሁ።

አጉማስ ግን ከፎገራ ዳር ነበር የሚመጣ፣
ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በመጀመሪያው መኪና፣
እጁን እንደ ሰው ዕቃ ከጋቢው ውስጥ ሲያወጣ
ዝም ብዬ እቀበለው ነበር።
እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ቆሞ እምቦጭ ሲነቅል የሰነበተ እጅ፦
በጣቶቹ መሀል ሽፍታ፣
ከአውራ ጣቱ ሥር ስንጥቅ፣
ጥፍሩ ውስጥ አረንጓዴ ጭቃ፣
ሽታው የበሰበሰ ሐይቅ።

«በዚህ ሳምንት ስንት ነቀላችሁ?»
«ማን ሰፍሮት!»
«ያልቅ ይሆን?»
«ዞር ስንል ይወልዳል።»
ስቀባው ያቃጥለዋል፣ ጥርሱን ነክሶ ይስቃል፣
«ይኸ ቅባትሽ ለሐይቁ ነበር» ይላል፣
«እሱም እኮ ቆዳውን ታሟል።»

እውነቱን ነው። አንድ ቀን በጀልባ ሄጄ አየሁት፤
ጣና ላይ ችፌ ወጥቷል፣
ሐምራዊ አበባ ያለው ችፌ፤
ዓሣው ከሥሩ ትንፋሽ አጥሮታል፣
ደንገሉ ሳይቀር አንገቱ ታንቋል።
አበባው ያምራል። ምን ልዋሽ፣ ያምራል።
ክፉ ነገር ቆዳ ላይ ሲወጣ
መጀመሪያ ያበራል።
ስንት ማድጋ እሬት፣ ስንት ሸክም ግራዋ፣
ስንት ሌሊት ሰም ባቀልጥ
ለአንድ ሐይቅ ይበቃዋል?

ሦስት ቅዳሜ ቀረ።
በአራተኛው መጣና ጃንጥላዬ ሥር ቆመ፣
ጋቢውን እንደ ተከናነበ።
«እጅህን» አልሁት። ሰጠኝ።
ስንጥቁ ገጥሟል።
ሽፍታው ጠፍቷል።
መዳፉ እንደ ደብዳቤ ጸሐፊ መዳፍ ለስልሷል።
በመድኃኒቴ ልኮራ አፌን ስከፍት
ፊቱን አየሁት።
«አበሉ ቆመ» አለኝ። «ሰዉም ተበተነ።
እኔም ውኃ ከነካሁ ወር ሆነ።»

እጅ እንዲህ ሲድን አይቼ አላውቅም ነበር፣
ደኅና ሆኖ የሚያሳፍር።

ብልቃጡን ሰጠሁት።
«ለምኑ?» አለኝ።
«ለምትመለስበት» አልሁት፣
ለመጀመሪያ ጊዜ ቀኑን ሳልጽፍበት።

ማታ ሐይቁ ዳር ወርጄ የዕለቱን ዘይት ስታጠብ
አንዲት ቅጠል፣ ሥሯን እንደ ጢም አንዠርግጋ፣
ማዕበሉ እየገፋት መጣች ወደ እግሬ ተጠግታ።
አወጣኋት። ድንጋይ ላይ ጣልኋት።
ሌሊቱን ሙሉ መዳፌን አሳከከኝ።
አልቀባሁትም።